የግልቢያ፣ የአውድማ፣ የእስክስታና የጢስ ዓባይ ቪዲዮ ፋይሉን ያሳብጠዋል፤ ኢንኮደሩ የትኛውን እንቅስቃሴ መተንበይ ይችላል?

ደጋ_ዳሞት

ሰላም ለሁላችሁ። የ10 ደቂቃ ፊልም ለመስቀል እየተዘጋጀ ነው። ምንጩ 1920 በ1080፣ በሰከንድ 50 ፍሬም፤ ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚያምቀው ፕሮግራም) ኤክስ264፣ ፕሪሴት (ዝግጁ የፍጥነት ቅንብር) ሚዲየም፣ ሲአርኤፍ (የጥራት ቁጥር፤ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል) 20። የቃለ መጠይቁ ክፍል በሰከንድ 3 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም። ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚፈጀውን መረጃ) ሰማይ የሚያደርሱት አራት ትዕይንቶች ናቸው፦ እንጅባራ ላይ ካሜራው ፈረሰኛውን እየተከተለ የተቀረጸ ግልቢያ፤ አውድማ ላይ በሬ ሲያበራይ ከላይ በድሮን የተነሳ (ድሮኑም አብሮ ይዞራል)፤ እስክስታ በቅርበት፤ ጢስ ዓባይ በክረምት መውጫ። እነዚህ ከ25 እስከ 40 ሜጋቢት ይጠይቃሉ። የእንቅስቃሴ ፍለጋ ዘዴውን ከሄክስ (ፈጣኑ) ወደ ኢኤስኤ (በክልሉ ያለውን ቦታ ሁሉ የሚፈትሸው) ብቀይረው ሰዓቱ ተራዘመ እንጂ ፋይሉ ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላሳየም። ፍለጋውን ላስፋው ወይስ ኮዴክ (የማመቂያ ስልት) ልቀይር?

የጮቄ_ጭጋግ

ኢኤስኤ ያልረዳህ ፍለጋው ስላነሰ አይደለም፤ የሚፈለገው ነገር እዚያ ስለሌለ ነው። ኤች 264 (ኤክስ264 የሚጽፈው ኮዴክ) የሚያውቀው እንቅስቃሴ አንድ ብቻ ነው፦ ብሎክ (የምስሉ ትንሽ አራት ማዕዘን ቁራጭ) ሳይዞር፣ ሳይሰፋ፣ ሳይጣመም ወደ ጎንና ወደ ላይ ወደ ታች ሲንሸራተት። ብሎኩ ከ16 በ16 እስከ 4 በ4 ፒክስል ይወርዳል፤ ቬክተሩም (ብሎኩ ወዴትና ስንት እንደተንሸራተተ የሚጽፈው ቁጥር) እስከ ሩብ ፒክስል ይለካል። ከዚህ ያመለጠው ሁሉ ቀሪ ልዩነት ተብሎ በቢት ይከፈልበታል።

ስለዚህ አራቱን ትዕይንት በአንድ ዓይን አትያቸው። ግልቢያው በአብዛኛው መንሸራተት ነው፣ ይተነበያል። አውድማው ዙረት ነው፣ ይተነበያል፤ ግን በሌላ ሞዴል። እስክስታው ግማሽ በግማሽ። ፏፏቴው ግን ኮዴክ ብትቀያይርም አይተነበይም፤ እዚያ ላይ ለፍለጋ የምታጠፋው ሰዓት ውሃ በልቶት ይቀራል።

ቅንብር ከመነካካትህ በፊት ከየትዕይንቱ 10 ሰከንድ ቁረጥና ለየብቻ ኢንኮድ አድርግ። ሲያልቅ ኤክስ264 የሚጽፈውን ዘገባ አንብብ። «ኤምቢ ፒ» በሚለው መስመር ላይ የ«አይ» መቶኛዎች ከበዙ ኢንኮደሩ ከማጣቀሻ (ቀድሞ ከተጻፈ ፍሬም) መቅዳት ተስፋ ቆርጦ ብሎኩን እንደ አዲስ ፎቶ እየጻፈው ነው። «ስኪፕ» (ምንም ሳይጻፍለት የሚታለፍ ብሎክ) ከበዛ ደግሞ ትንበያው ያለ ክፍያ እየሄደ ነው። የሙሉው ፊልም ዘገባ አይጠቅምህም፤ ቃለ መጠይቁ አማካዩን ያሳምረዋል።

ቬክተሮቹን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ኤፍኤፍኤምፔግ (የቪዲዮ መሥሪያ ፕሮግራም) ውስጥ ቬክተር የሚያወጣውን ፍላግ (ኤክስፖርት ኤምቪኤስ) አብርተህ ኮዴክቪው የሚባለውን ፊልተር ጨምር። ኤች 264 ፋይል ላይ ቀስቶቹን በምስሉ ላይ ይሥልልሃል። ግልቢያው ላይ የጀርባው ቀስት ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተሰልፎ ታያለህ፤ ፏፏቴው ላይ እንደ ተበተነ ገለባ ነው።

ቡሬ_ላይ

ግልቢያውን እኔ ልያዘው። ካሜራው ፈረሱን ሲከተል ፈረሱ በፍሬሙ መሐል እንደቆመ ነው፤ የሚሮጠው ሜዳው ነው። ጀርባው የስክሪኑን ሙሉ ወርድ በ2 ሰከንድ ቢያቋርጥ፣ በ50 ፍሬም ሲሰላ በፍሬም 19 ፒክስል ያህል ይሄዳል፤ በ25 ፍሬም 38። የኤክስ264 የፍለጋ ክልል በነባሪ 16 ፒክስል ነው። ብዙ ሰው 19 ከ16 ስለሚበልጥ አይደርስም ብሎ ይደመድማል፤ እንደዚያ አይደለም። ፍለጋው ከዜሮ አይነሳም፤ ጎረቤት ብሎኮች ካገኙት ቬክተር ይነሳል። አንዱ ካገኘው የቀሩት አጠገቡ ናቸው።

የሚቸገረው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ ካሜራው መዞር ሲጀምር፣ ጎረቤት የሚያበድረው ጥሩ ቬክተር ገና ስለሌለ። ሁለተኛ በፈረሱ ጠርዝ ላይ፤ የፈረሱ ቬክተር ዜሮ ገደማ ነው፣ የሣሩ 19 ነው፣ መሐል ላይ ያለው ብሎክ ሁለቱንም ይይዛል። ሦስተኛ፣ ዋናው ይህ ነው፣ ከፈረሱ ኋላ የሚገለጠው ሣር በቀደመው ፍሬም ላይ ፈጽሞ አልነበረም። ኢኤስኤ ሺህ ጊዜ ቢፈልግ የሌለ ነገር አያገኝም። መድኃኒቱ ቢ ፍሬም ነው፤ ከሚመጣው ፍሬም ላይ ያንኑ ሣር ተገልጦ ያገኘዋል። እንግዲህ ለዚህ ትዕይንት፦ ኤምኢ (የፍለጋ ዘዴው) ወደ ዩኤምኤች፣ ክልሉ 32፣ ሰብኤምኢ (የንዑስ ፒክስል ማጥሪያው) 9፣ ቢ ፍሬም 5፣ ቢ አዳፕት (የቢ ፍሬም ምደባው) 2። ኢኤስኤን እርሳው።

የፈረሱን እግር፣ ጭራውንና አቧራውን ደግሞ እንደ ጠፋ ቁጠራቸው። ስፋታቸው ትንሽ ነው፣ የተመልካች ዓይንም ፈረሰኛው ፊት ላይ ነው።

መራዊ24

50ውን ወደ 25 ብታወርደው ግማሹን ፍሬም ጥለህ ፋይሉም በግማሽ አይወርድም እንዴ?

ቡሬ_ላይ

አይወርድም ወንድሜ። ፍሬም ስትጥል የቀሩት መሐል ያለው ርቀት እጥፍ ይሆናል፦ 19 የነበረው 38፣ የተገለጠው ሣርም ስፋቱ እጥፍ። የጣልካቸው ፍሬሞች አብዛኞቹ ቢ ነበሩ፣ እነሱ ርካሾቹ ናቸው። ትንሽ ትቆጥባለህ፣ ግማሽ ግን አይደለም። በዚያ ላይ በ1/100 ሰከንድ የተነሳ ምስል በ25 ሲታይ ይንቀጠቀጣል።

ስለ ሻተር (ፍሬሙ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ከተነሳ፦ በጠራራ ፀሐይ ካሜራው በራሱ 1/1000 ውስጥ ይገባል። ያኔ እያንዳንዷ ሣር ስል ሆና ትወጣለች፣ ሩብ ፒክስል ስህተት እንኳ ብዙ ቀሪ ታመጣለች። ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) ገጥመህ 1/100 ላይ ብትይዘው ጀርባው ወደ ጎን ይደበዝዛል፣ ቢቱም ይወርዳል። አንድ ነገር ብቻ አስተውል፦ ካሜራው ሲፈጥንና ሲቀዘቅዝ የድብዘዛው ርዝመትም ከፍሬም ፍሬም ይለወጣል፤ ያን ለውጥ ቬክተር አይገልጸውም። እኩል ፍጥነት ይዞ መከተል ከማንኛውም ቅንብር ይበልጣል።

አያ_ዘንገና

አውድማው ላይ ያለው ዙረት ስለሆነ ሒሳቡን እንሥራው። ድሮኑ በሰከንድ 30 ዲግሪ ቢዞርና በ25 ፍሬም ቢታይ፣ በፍሬም 1.2 ዲግሪ ነው፤ በራዲያን 0.021 ገደማ። ከመሐል 960 ፒክስል ርቆ ያለው የስክሪን ጠርዝ በፍሬም 20 ፒክስል ይሄዳል፤ መሐሉ ዜሮ። ቬክተሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል ማለት ነው። በአንድ 16 ፒክስል ብሎክ ውስጥ ግን ከዳር እስከ ዳር ያለው ልዩነት 0.34 ፒክስል ብቻ ነው፤ አንድ ቬክተር ለብሎኩ መሐል ቢሰጥ ዳሮቹ በ0.17 ይስታሉ። ይህ ይቻላል። በ64 ፒክስል ብሎክ ላይ ልዩነቱ 1.34፣ በ128 ላይ 2.7 ይደርሳል። ያ አይቻልም።

ታዲያ ኤች 264 በትንሽ ብሎክ ዙረቱን ከያዘው ቢቱ ለምን ይከማቻል? ስኪፕ ስለሚሰበር ነው። የኤች 264 ስኪፕ ቬክተሩን የሚወስደው ከግራ፣ ከላይና ከቀኝ ላይ ካሉት ጎረቤቶች ሚዲያን (መካከለኛው ቁጥር) ነው። በዙረት ጊዜ የቬክተሩ የአግድም ክፍል ከረድፍ ወደ ረድፍ ይለወጣል፤ ከሦስቱ ጎረቤቶች ሁለቱ ደግሞ ላይኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ሚዲያኑ እነሱን ተከትሎ በ0.34 ፒክስል፣ ማለትም ከአንድ ሩብ ፒክስል በላይ ይስታል። ስለዚህ መሬቱ ምንም ሳይለወጥ ብሎኩ ስኪፕ መሆን አይችልም፤ የቬክተር ማስተካከያ ይጻፍለታል። 1080 ላይ 8160 ማክሮብሎክ (16 በ16 ብሎክ) አለ። በየፍሬሙ ይህን ሁሉ ማስተካከያ እየከፈልክ ነው፣ መረጃው ግን አንድ ቁጥር ነበር፦ «ካሜራው 1.2 ዲግሪ ዞረ።»

ይህን አንድ ቁጥር መጻፍ የሚችሉት አዳዲሶቹ ኮዴኮች ናቸው። ኤቪ1 (እ.ኤ.አ. 2018) ግሎባል ሞሽን አለው፤ ለእያንዳንዱ ማጣቀሻ ፍሬም አንድ ጊዜ የዙረትና የማጉላት መለኪያ ይጽፋል፣ ብሎኮቹ ያንን ይጠቅሳሉ። በሬዎቹ ደግሞ ከመሬቱ ተለይተው ምሰሶውን ይዞራሉ፤ ለነሱ ዋርፕድ ሞሽን አለ፣ መለኪያው ከጎረቤት ብሎኮች ቬክተር እዚያው ዲኮደሩ ውስጥ ስለሚሰላ በፋይሉ ውስጥ ቢት አይጻፍለትም። ቪቪሲ (እ.ኤ.አ. 2020) አፊን ይለዋል፦ በብሎኩ ሁለት የላይ ማዕዘኖች ላይ ቬክተር ሰጥቶ ዙረትንና ማጉላትን ያገኛል፤ ሦስተኛ ማዕዘን ሲጨመር መንጋደድንም። ከዚያ ብሎኩን 4 በ4 ከፍሎ ለየቁራጩ የራሱን ቬክተር ያሰላል፣ በ1/16 ፒክስል ልክ።

ኤች 265 ይህ የለውም። ብሎኩ እስከ 64 ሰፍቷል፣ መርጅ (የጎረቤትን ቬክተር እንዳለ መውሰጃ) አለው፣ ሞዴሉ ግን ያው መንሸራተት ነው። ለግልቢያው ይረዳል፤ ለአውድማው ያን ያህል አትጠብቅ።

በላይዳ ሲዘራ የሚነሳውን እብቅ ማንም አይተነብየውም። ያንን ትዕይንት አሳጥረው።

ባሕርዳር_ኤዲተር

አያ፣ እንደርስዎ ስሌት ከሆነ ኮዴክ ሳይቀየር ቪዲዮውን ቀድሞ በቪድስታብ ማረጋጋት አይሻልም? ሁለት ዙር ነው፦ መጀመሪያ ቪድስታብዲቴክት (ሼኪነስ 5፣ አኪዩሬሲ 15) የመለኪያ ፋይል ያወጣል፤ ቀጥሎ ቪድስታብትራንስፎርም ይተገብረዋል። ስሙዚንግ በነባሪ 10 ነው፤ ይህ ሁለት እጥፉ ሲደመር አንድ፣ 21 ፍሬም ማለት ነው። በ50 ፍሬም ግማሽ ሰከንድ አይሞላምና 25 ወይም 30 ይሻላል። ኢንተርፖሌሽኑን (በፒክስሎች መሐል ያለውን ዋጋ ማስሊያውን) ባይኪዩቢክ አድርጉት፣ ነባሪው ባይሊኒየር ምስሉን ያደበዝዛል።

አያ_ዘንገና

መንቀጥቀጡን ያስወግዳል እንጂ ዙረቱን አያነሳም፤ ድሮኑ ሆን ብሎ እየዞረ ነው፣ ስሙዚንግ ያንን ጠብቆ ያቆየዋል። ስሙዚንግን 0 ብታደርገው ካሜራው እንደ ቆመ ይቆጥራል፤ ያኔ ምስሉ ውስጥ ያለው መሬት ይቆምና የፍሬሙ ጠርዝ መሽከርከር ይጀምራል። ማን ያየዋል?

ደግሞም የእጅ መንቀጥቀጥ ብዙ አያስከፍልም። ፍሬሙ በሙሉ 3 ፒክስል ወደ ግራ ቢሄድ ብሎኮቹ ሁሉ ቬክተራቸው አንድ ነው፣ ሚዲያኑ ልክ ይመታል፣ ስኪፕ ይሠራል። ማረጋጊያ ለተመልካች ዓይን ይጠቅማል፤ ለቢት ብሎ ብቻ መጨመር ግን ምስሉን በየፍሬሙ በተለያየ የፒክስል ክፍልፋይ እያንሸራተተ ደጋግሞ ማደብዘዝ ነው። ከደበዘዘ በርግጥ ፋይሉ ያንሳል፤ ያ ግን የትንበያ ትርፍ አይደለም።

የጮቄ_ጭጋግ

በአያ ላይ አንድ ልጨምር፤ ሮሊንግ ሻተር። ስልክና ብዙ ድሮን ምስሉን ከላይ ወደ ታች ረድፍ በረድፍ ነው የሚያነቡት፤ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ቀጥ ያለው ግንድ ይዘማል። ሰዎች «አፊን ያስፈልገዋል» ይላሉ። ፍጥነቱ እኩል ከሆነ ግን ግንዱ በሁሉም ፍሬም ላይ እኩል ዘምሟል፤ ከፍሬም ፍሬም ያለው ልዩነት ንጹሕ መንሸራተት ነው፣ ኤች 264ም ይይዘዋል። ችግሩ የሚመጣው ፍጥነቱ ሲለዋወጥ ነው፣ ዝማሜውም አብሮ ይለዋወጣል። የድሮኑ ክንፍ ተጎድቶ ወይም ካሜራው ላልቶ ምስሉ እንደ ፈሳሽ ሲርገበገብ ደግሞ እያንዳንዱ ረድፍ የየራሱ ንቅናቄ አለው። አፊንም አያድንህም፤ ክንፉን ቀይር።

ጢስ_ማዶ

ፏፏቴው ላይ ማንም በደንብ አልነካውም። የሚረጨው ውሃ በ1/50 ሰከንድ ውስጥ ቅርጹ ይለወጣል፤ ያለፈው ፍሬም ላይ የነበረ ጠብታ በዚህኛው የለም። ኢንኮደሩ ቬክተር ያገኘ ቢመስልም ያገኘው የዚያን ውሃ መንገድ ሳይሆን በብርሃን የሚመሳሰል ሌላ ነጭ ቦታ ነው።

ስለዚህ ሥራው ከኮምፒውተሩ በፊት ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቁም፤ ያኔ ቋጥኙና ዛፉ ሁሉ ስኪፕ ይሆናል፣ የምትከፍለው ለውሃው ብቻ ነው። ኤንዲ ፊልተር ገጥመህ ሻተሩን 1/50 ላይ አውርደው፤ በ50 ፍሬም ከዚያ በታች አይሄድም። ውሃው ከተንጠባጠበ ነጥብ ወደ ረጅም መስመር ይለወጣል። ሌንሱን ቶሎ ቶሎ ጥረግ፤ በነሐሴና በመስከረም ውሃው ሲሞላ ጉሙ ማዶ ድረስ ይደርሳል። ሌንስ ላይ ያለች ጠብታ ቆማ ኋላዋ ያለው ምስል እየተጣመመ ሲያልፍ የምትፈጥረውን ቀሪ በዓይንህ አትገምተውም።

ኢንኮዱ ላይ፦ ኤምቢትሪን አታጥፋ። ኤምቢትሪ ወደፊት የሚጠቀስ ብሎክን ጥራት ይጨምርለታል፣ የማይጠቀሰውን ይቀንስበታል። የውሃ ብሎክ ወደፊት ስለማይጠቀስ በራሱ ጊዜ ቢት ይወሰድበታል፣ ዓይንም አያስተውለውም። በዚሁ ምክንያት «ዝርዝሩ እንዳይጠፋ» ብለህ ቲዩን ግሬይንን (የፊልም ጥራጥሬ የሚጠብቀውን ቅንብር) እዚህ አታብራ፤ ኪውኮምፕን (የቢት አደላደል መለኪያውን) ወደ 0.8 ከፍ አድርጎ ይህን ቁጠባ ያዳክመዋል፣ ፋይሉም ያብጣል። የጊዜ ዲኖይዝም (ፍሬሞችን እያማከለ ኖይዝ የሚያጠፋውን) ተው። ኤችኪውዲኤን3ዲ የሚባለው ፊልተር የጊዜ ክፍሉ ከፍ ብሎ ውሃ ላይ ሲሠራ ኋላው ጥላ የሚጎትት ወተት ያስመስለዋል። ኤምኢን ሄክስ ላይ ተወው፤ ጊዜህን አውድማው ላይ አጥፋ።

ደጋ_ዳሞት

እጅግ ጥሩ። እስክስታው ቀረ። ትከሻው ተመላልሶ ወደ ቦታው ስለሚመጣ ማጣቀሻ ፍሬም ወደ 8 ብጨምር የቀደመውን ዙር አያገኘውም?

የጮቄ_ጭጋግ

ሐሳቡ ትክክል ነው፣ አፈጻጸሙ ግን አይመችም። ለምሳሌ ትከሻው በሰከንድ 5 ጊዜ ቢመላለስ በ25 ፍሬም አንዱ ዙር 5 ፍሬም ነው። 3 ቢ ፍሬም በፒራሚድ (መሐለኛው ቢ ራሱ ማጣቀሻ ሲሆን) ስትጠቀም ግን ፒ ፍሬም (ካለፈው ብቻ የሚቀዳው) የሚያያቸው ማጣቀሻዎች በ4፣ በ6፣ በ8 ፍሬም ርቀት ላይ ናቸው። 5 የለም። ትከሻው ሌላ ቦታ ላይ እያለ ነው የምታገኘው። በ50 ፍሬም ዙሩ 10 ይሆናል፤ 10ኛው ላይ ለመድረስ 4 ማጣቀሻ ይበቃል፣ ጨዋታው ከከበሮው ጋር ሲፈጥንና ሲቀዘቅዝ ግን ይሄም ይስታል። ቢገጥምልህ እንኳ ቀሚሱ ያው እጥፋት አይኖረውም፤ ጥለቱና መቀነቱ በየዙሩ ሌላ ነው።

ከዚህ ይልቅ ሌላ ነገር ተጠንቀቅ። 1080 በ50 ፍሬም ሌቭል (የማጫወቻው አቅም ደረጃ) 4.2 ይጠይቃል፣ 4.2 ደግሞ በዚህ መጠን ከ4 ማጣቀሻ አያስቀምጥም። 8 ብታደርገው ፋይሉ ወደ 5 ሌቭሎች ይወጣል፤ አሮጌ ቴሌቪዥንና ስልክ ላይ ይቆራረጣል ወይም ጨርሶ አይከፈትም። ዘገባው ውስጥ «ሬፍ ፒ ኤል0» የሚል መስመር አለ፣ እያንዳንዱ ማጣቀሻ ስንት በመቶ እንደተጠቀሰ ይነግርሃል። አራተኛው ላይ ሲደርስ ኢምንት ከሆነ ለምን ትጨምራለህ?

እስክስታው በአዳራሽ ወይም በድንኳን በማታ ከተነሳ ዋናው ወጪ ትከሻው ሳይሆን የሴንሰሩ ኖይዝ ነው። አይኤስኦ (የሴንሰሩ የብርሃን ትብነት) 3200 ላይ የሚርመሰመሰው ነጥብ በጭራሽ አይተነበይም። እዚህ ላይ ቀለል ያለ ኤችኪውዲኤን3ዲ፣ ከነባሪው 4፣ 3፣ 6፣ 4.5 ግማሽ ያህሉ፣ ከማንኛውም የፍለጋ ቅንብር በላይ ይቀንስልሃል። ሌላው ዘዴ ብርሃን መጨመር ነው፤ እሱ ፕሪሴት የለውም።

ቡሬ_ላይ

ኤክስ265ን (የኤች 265 ኢንኮደር) ለሚሞክር፦ የፍለጋ ክልሉ በነባሪ 57 የሆነው ከ64ቱ የሲቲዩ (ትልቁ ብሎክ) መጠን ለኢንተርፖሌሽን 4፣ ለንዑስ ፒክስል 2፣ ለሄክስ ጥንቃቄ 1 ተቀንሶ ነው። ከዚያ ካሳለፍከው ከማጣቀሻው ፍሬም አንድ ተጨማሪ ረድፍ መጠበቅ ስላለበት ኮሮቹ ሥራ ፈትተው ይቆማሉ። ለግልቢያውም 57 ከበቂ በላይ ነው።

ሲአርኤፍ ቁጥሮችን በኮዴኮች መሐል አታወዳድር። የኤክስ264 ነባሪ 23፣ የኤክስ265 28፣ የኤስቪቲ ኤቪ1 (የኤቪ1 ኢንኮደር) 35 ነው፤ የተለያየ መለኪያ ናቸው። ለየኮዴኩ አራት ሲአርኤፍ ላይ ኢንኮድ አድርገህ ቪማፍን (የምስል ጥራት መለኪያ) በቢትሬት አንጻር ሥል፤ ሁለት ኩርባ ይወጣልሃል፣ እነሱን አወዳድር። ከስልክ የመጣ ፋይል ፍሬሙ እኩል ርቀት ላይኖረው ስለሚችል መጀመሪያ ወደ ቋሚ ፍሬም ሬት ለውጠው፤ አለበለዚያ ቪማፍ የተሳሳተ ፍሬም ከተሳሳተ ፍሬም ጋር ያነጻጽርና ኮዴኩን ያሳማል።

ባሕርዳር_ኤዲተር

ዩቲዩብ የምትሰጠውን ሁሉ በራሱ እንደገና ስለሚኢንኮድ፣ እዚያ የምትሰቅለው ላይ የምትቆጥበው የመጫኛ ሰዓትን ብቻ ነው። 10 ደቂቃ በ20 ሜጋቢት 1.5 ጊጋባይት ነው፣ በ8 ሜጋቢት 600 ሜጋባይት። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው ግን ሰው ስልክ ላይ እንዳለ ነው የሚከፈተው፤ ኤቪ1 የሚፈታ ቺፕ የሌለው ስልክ በሶፍትዌር እየፈታ ባትሪውን ይጨርሳል። ለሱ ኤች 264 ይቆይ።

አያ_ዘንገና

ልክ ነው። ለሚሰቀለው ኤስቪቲ ኤቪ1 ፕሪሴት 4 ወይም 5 ላይ፤ ፈጣኖቹ ፕሪሴቶች ሰዓት ለመቆጠብ ግሎባልና ዋርፕድ ሞሽንን ሊቆርጡ ይችላሉ፣ ያኔ አውድማው ላይ የቀየርክበት ምክንያት ራሱ ይጠፋል።

ደጋ_ዳሞት

ለቴሌግራሙ ቅጂ ፏፏቴው ላይ ብቻ ቢት ልቀንስ ብል ፋይሉን መቆራረጥ አለብኝ?

ጢስ_ማዶ

አያስፈልግም። ኤክስ264 ዞንስ የሚል አማራጭ አለው፦ መነሻ ፍሬም፣ መድረሻ ፍሬም፣ ከዚያ «ቢ» እኩል ይሆናል ማባዣው። ፏፏቴው ከ6 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ እስከ 6 ከ40 ከሆነ በ50 ፍሬም ከ18500 እስከ 19999 ነው፤ ማባዣውን 0.75 አድርገህ ጀምር፣ ቋጥኙ መለጠፍ ከጀመረ ወደ 0.85 መልሰው። ቁጥሩ የሚቆጠረው ኢንኮደሩ ከሚቀበለው የመጀመሪያ ፍሬም ከ0 ጀምሮ ነው፤ ከፊት የቆረጥከው ካለ ቀንስለት።